ያረጀ የቤት ሚዲያ ሰርቨር ሲተካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ኔት በሚቆራረጥበት ቤት ፊልሙ፣ መዝሙሩና የሰርጉ ቪዲዮ ጥግ ላይ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ተከማችቶ በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ስልኩ ይደርሳል። ያ ኮምፒውተር ማጉረምረምና መሐል ላይ መቆም ሲጀምር «ምን ልግዛ?» ለሚል ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ስለ ፕሮሰሰር ጉልበት ብቻ ነው። እዚህ ጎጃም ሰርቨር የሚገድሉት ግን መብራትና ዲስክ ናቸው። በጀቱም መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

«ፊልሙ ከተቆራረጠ ሰርቨሩ አርጅቷል»

መጀመሪያ ሰርቨሩ ምን እየሠራ እንደሆነ ይታይ። ቴሌቪዥኑ የፋይሉን ፎርማት የሚያውቀው ከሆነ ሰርቨሩ ከዲስክ እያነበበ ይልካል እንጂ ሌላ ሥራ የለበትም፤ ይህ አሥር ዓመት ያለፈውን ማሽንም አያቅተውም። የሚያደክመው ትራንስኮዲንግ ነው፤ ቪዲዮውን እየፈታ እንደ አዲስ እየጨመቀ መላክ። ለዚህ አንዱ መነሻ የትርጉም ጽሑፍ ነው። ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ከሌለው አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ ቪዲዮው ላይ እንዲታተም ሲታዘዝ ደግሞ ፊልሙ በሙሉ እንደገና ይጨመቃል። ፊደሉን የሚያሳይ ትንሽ የቴሌቪዥን ቦክስ መግዛት ሰርቨር ከመቀየር ይረክሳል። ጄሊፊን የተባለውን ነፃ የሚዲያ ሰርቨር ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ፊልሙ በቀጥታ እየሄደ ይሁን እየተጨመቀ፣ ከተጨመቀም ለምን እንደሆነ፣ የመቆጣጠሪያ ገጹ ይነግራችኋል። ሳታዩት ገንዘብ አታውጡ።

«ሰርቨር ከተባለ ትልቅ ማሽን ነው»

ከመሥሪያ ቤት የወጣ ባለ ዚዮን (የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር) ታወር ኮምፒውተር በርካሽ ሲገኝ ያጓጓል። ብዙዎቹ ዚዮኖች ግን አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የላቸውም፤ ለቪዲዮ ሥራ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ የተባለውን የቪዲዮ ክፍል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ7ኛ ጄነሬሽን ባለ 10 ቢት ኤች.265 የተባለውን የቪዲዮ ፎርማት፣ በ11ኛው ኤቪ1 የተባለውን ሌላ ፎርማት መፍታት ቻለ። ስለዚህ ባለ 8ኛ ጄነሬሽን አይ5 ያገለገለ ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ይሁን ኤሊትዴስክ ሚኒ ወይም ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። የኤቪ1 ፋይል የሚያበዛ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ኤን100 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይመልከት። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም በኤፍ ፊደል ካለቀ ግን ግራፊክስ የለውም፤ ይለፋችሁ።

ሌላው የመብራት ፍጆታ ነው። ያለ ሥራ ተቀምጦ 100 ዋት የሚወስድ ታወር በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 12 ዋት የሚወስደው ትንሹ 9 አይሞላም። ልዩነቱ ከቢሉ ይልቅ መብራት ሲጠፋ ይታያል።

«ስታቢላይዘር አለኝ፣ ዩፒኤስ ለምኔ?»

ብዙ ሰርቨር የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ወደ 220 ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም። መብራቱ ሲሄድ ሰርቨሩም በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ግን ባትሪ አለው፤ ዋና ሥራውም መብራት ሲሄድ ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ መስጠት ነው። ለዚህም ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ይመረጥ፤ ርካሾቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ከዚያ «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ባትሪው ሲያንስ ሰው ሳይነካው ይዘጋዋል።

በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል። የ100 ዋቱን ታወር ለአንድ ሰዓት እንኳ አይዝም። ትንሹን ኮምፒውተር ከነራውተሩ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ሊያቆይ ይችላል። ባትሪው ራሱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ መቀየር እንዳለበት አትርሱ።

በክረምት መብረቅ ሲበዛ ከሶኬት ብቻ መንቀል አይበቃም። በዲሹ ኬብልና በመዳብ የስልክ መስመሩም ይገባልና እነሱም ይነቀሉ። ፋይበር ግን መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

«አገሩ ደጋ ነው፣ አይግልም»

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት፣ የበጋውን አቧራም አራግፉለት። በተቃራኒው «ሀርድ ዲስክ ከፍታ ላይ አይሠራም» የሚሉም አሉ። አምራቾች በአብዛኛው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሚፈቅዱ ለእንጅባራም ለደብረ ማርቆስም ችግር የለውም።

«ሬይድ ካለ ቅጂ አያስፈልግም»

ሬይድ፣ ማለትም አንድን መረጃ ሁለት ዲስክ ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ፣ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል፤ ጥቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ልጅ በስህተት ያጠፋው ፋይል ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሌባም መብረቅም ሁለቱንም ይወስዳል። ፊልም እንደገና ይገኛል። ያረፉ አባት ልጃቸውን ሲመርቁ የተቀረጸው ድምፅ ግን ከየትም አይመጣም። ለእኔ ሌላው የሰርቨር ወጪ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይገዛ፤ አንዱ እቤት፣ ሌላው ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ሲገባ አዲሱ ተሰጥቶ የቆየው ይመለስ። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም።

ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛትን ስመክር ያገለገለ ዲስክን አልጨምርም። ተገዝቶ ከሆነ ስማርት የሚባለው መረጃው ይነበብ፤ የሠራበት ሰዓትና የተበላሹ ሴክተሮች ብዛት እዚያ አለ። ብቸኛው ቅጂ እሱ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ።

«ለ4ኬ ኤስኤስዲና ልዩ ኔትወርክ ያስፈልጋል»

ከባዱ የ4ኬ ፊልም በሰከንድ 12 ሜጋባይት ገደማ ይጠይቃል፤ ተራ ሀርድ ዲስክ ከ100 በላይ ያነባል። ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ለሲስተሙ ብቻ ይሁን፣ ትንሽ ይበቃል። ኬብሉም ተራው ጊጋቢት ነው።

«መብራት ሲመለስ ራሱ ይነሳል»

ብዙ የቢሮ ኮምፒውተር አይነሳም፤ ቁልፉን የሚጫን ይጠብቃል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ መብራት ሲመለስ እንዲነሳ የሚያዘውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። ሻጩ ፊት ይከፈት፣ ገመዱ ተነቅሎ ተመልሶ ይሰካና ይሞከር።