ፕሮቲን ጠቋሚዎችና የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀጣይ አካሄድ

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ያለበት ሰው ቀጣይ ዕጣ ዛሬም በዋነኛነት የሚገመተው በበሽታው ደረጃ ነው፤ ማለትም ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ሰርስሮ እንደገባ፣ በአካባቢው ያሉ ንፍፊቶችን መንካት አለመንካቱ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ መሠራጨት አለመሠራጨቱ ይታያል። ሆኖም በአንድ ደረጃ ላይ ከሚገኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲድን ሌላው በሽታው የሚያገረሽበት ጊዜ አለ። ለዚህ ልዩነት ፍንጭ የሚሰጡት ካንሰሩ የሚሠራቸው፣ አንዳንዴም መሥራት ያቆማቸው ፕሮቲኖች ናቸው።

በደም ከሚለኩት ውስጥ በስፋት የሚታዘዘው ሲኢኤ (CEA) የተባለው፣ ብዙ የአንጀት ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት ፕሮቲን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን በሞንትሪያል ያገኙት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ናኖግራም በላይ መሆኑ የከፋ አካሄድን ያመለክታል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በሳምንታት ውስጥ ሊወርድ ይገባዋል፤ ወርዶ ከነበረ በኋላ ደግሞ እንደገና መውጣት ከጀመረ፣ ታካሚው ምንም ሳይሰማው ማገርሸቱን ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ነገር ግን ሲጋራ በሚያጨሱና የጉበት ሕመም ባለባቸው ሰዎችም ከፍ ስለሚል፣ ጨርሶ የማያመነጩት ዕጢዎችም ስላሉ፣ ጤነኛ የሚመስልን ሰው ካንሰር አለበት ወይስ የለበትም ለማለት መጠቀም ስህተት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሕክምናን ውሳኔ የሚቀይረው የኤምኤልኤች1፣ የፒኤምኤስ2፣ የኤምኤስኤች2 እና የኤምኤስኤች6 ምርመራ ነው። አራቱም ሴል ሲባዛ በዲኤንኤ ላይ የሚፈጠርን የቅጂ ስህተት የሚያርሙ ፕሮቲኖች ናቸው። የፓቶሎጂ ባለሙያው ከዕጢው ላይ በስሱ የተቆረጠን ናሙና በአንቲቦዲ ቀለም (የሚፈለገው ፕሮቲን ላይ ብቻ በሚጣበቅ ቀለም) ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ፕሮቲኑ ያለበት የሴል ኒውክለስ ቡናማ፣ የሌለበት ሰማያዊ ሆኖ ይታየዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በዕጢው መካከል ያሉት ጤነኛ የነጭ ደም ሴሎች ቡናማ ካልሆኑ የጎደለው ፕሮቲኑ ሳይሆን የቀለሙ ሥራ ነውና ውጤቱ አይታመንም።

ከትልቁ አንጀት ካንሰሮች 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ የእርማት ሥርዓት የተበላሸባቸው ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ወደ ንፍፊቶች ሳይደርሱ ሲገኙ የማገርሸት ዕድላቸው አነስተኛ ነው፤ ፍሎሮዩራሲል የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ብቻውን መስጠትም አይጠቅማቸውም፣ ስለዚህ አንድን ሰው ከማያስፈልገው ኬሞቴራፒ መታደግ ይቻላል። በሽታው ተሠራጭቶ ሲገኝ ግን ይህ ብልጫ አይታይም፤ ነገሩን የለወጠው የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣው ኢሚዩኖቴራፒ ሲሆን፣ ከዚህ ወገን የሆነው ፔምብሮሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ለእነዚህ ታካሚዎች የመጀመሪያ መስመር ሕክምና ሆኖ ጸድቋል።

ሌሎችም ጠቋሚዎች አሉ። ሲዲኤክስ2 የተሰኘው ፕሮቲን ከዕጢው መጥፋትና ቪ600ኢ የተባለው፣ ቢራፍ (BRAF) በሚባለው ጂን ላይ የሚከሰት ለውጥ በአብዛኛው ከከፋ አካሄድ ጋር ይያያዛሉ፤ ለረጅም ዘመን የተጠናው ፒ53 የተባለ ፕሮቲን ግን ውጤቱ ወጥ ባለመሆኑ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

የእርማት ፕሮቲን መጥፋት ከታካሚው አልፎ ቤተሰቡንም ይመለከታል። ኤምኤልኤች1 ጠፍቶ የቢራፍ ለውጥ ከተገኘ ጉዳዩ በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ አይደለም፤ ካልተገኘ ግን፣ ወይም የጠፋው ኤምኤስኤች2 ከሆነ፣ ሊንች ሲንድረም፣ ማለትም በዘር የሚተላለፍ ለካንሰር የመጋለጥ ችግር ይጠረጠራል። የዘር ምርመራው ካረጋገጠውም ወንድምና እህት፣ ልጆችም ይመረመራሉ፤ ለውጡ የተገኘባቸው በኤምኤልኤች1 ወይም በኤምኤስኤች2 ላይ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) እንዲያደርጉ ይመከራሉ።