ሳይበርፐንክ ውስጥ እውነቱና ምናባዊው የሚቀላቀሉት የት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳይበርፐንክ ኮምፒውተርና ማሽን የሰውን ኑሮ የያዙበትን የወደፊት ዓለም የሚያሳይ የሳይንስ ልብ ወለድ ዘርፍ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ዝናብ፣ የኒዮን መብራትና ጭንቅላቱ ላይ ገመድ የሰካ ሰው ነው። ምስሉ ውሸት አይደለም። በሱ ላይ ተመሥርቶ የሚወራው ግን ብዙ ስህተት አለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ምናባዊ ዓለም ከሌለበት ሳይበርፐንክ አይባልም»

በ1982 የወጣውን «ብሌድ ራነር» የተባለ ፊልም እንይ። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ አንድም ሰው የለም። ታሪኩ የሚካሄደው በ2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። እዚያች ከተማ ግን ዓይንህን ማመን አትችልም። ጉጉቷ ሰው ሠራሽ ናት፤ እባቡም እንደዚያው። ሬቸል የተባለችው ሰው ሠራሽ ሴት ከእናቷ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ታሳያለች፤ የልጅነት ትዝታዋ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

«ሰው ግራ የሚጋባው ምናባዊው ዓለም ቁርጥ እውነተኛውን ስለሚመስል ነው»

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። የዊልያም ጊብሰን ልብ ወለድ «ኒውሮማንሰር» (1984) ውስጥ ሳይበርስፔስ፣ ማለትም ሰዎች ራሳቸውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው የሚገቡበት የመረጃ ዓለም፣ እውነተኛ ቦታ አይመስልም። የብርሃን መስመርና ቅርጽ ነው። የአንድ ባንክ መረጃ አረንጓዴ ኪዩብ ሆኖ ይታያል። ይህን ከመንገድ ጋር የሚያምታታ የለም።

ጊብሰን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። እውነተኛውን ዓለም ማሽን ያስመስለዋል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የወደቡ ሰማይ ስርጭት የሌለው የቴሌቪዥን ቻናል ቀለም አለው። ጥቂት ገጾች አለፍ ሲል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኬስ የጃፓኗን የቺባ ከተማ ጎዳና እንደ መረጃ መስክ ያየዋል። ገና ራሱን ከኮምፒውተር ጋር ሳያገናኝ!

ወደ መጨረሻው ደግሞ ኬስ ባዶ የባሕር ዳርቻ ላይ ራሱን ያገኛል። አሸዋ፣ ብርድ፣ እሳት፣ የሞተችው ፍቅረኛው ሊንዳ። ቦታው ሰው ሠራሽ መሆኑን ያውቃል። እያወቀም ልቡ ይከፈላል። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው፤ ኒዮን የሚባል ነገር የለበትም።

«ይህን የጻፉት የኮምፒውተር ሊቃውንት ናቸው»

ጊብሰን «ኒውሮማንሰር»ን የጻፈው በታይፕራይተር ነው። የሳይበርስፔስን ሐሳብ የሰጡት ቫንኩቨር (ካናዳ) ውስጥ የጨዋታ ማሽን ላይ የተደፉ ልጆች እንደሆኑ ራሱ ተናግሯል። ከስክሪኑ ጀርባ ቦታ አለ ብለው የሚያምኑ መስለውት ነበር።

«ምናባዊው ዓለም ከገቡ ድሃና ሀብታም የለም»

በኒል ስቲቨንሰን ልብ ወለድ «ስኖው ክራሽ» (1992) ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሂሮ የሚኖረው የዕቃ ማከማቻ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያውም ከደባል ጋር። ሜታቨርስ በሚባለው የመጽሐፉ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ግን ጥሩ ቤት አለው። እስካሁን ተስማምተናል። ነገር ግን እዚያ ያለው ዋና ጎዳና 65,536 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም መሬቱ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ሂሮ ቀድሞ ስለደረሰ ነው ቦታ ያገኘው። በሕዝብ ተርሚናል (ማንም በሚጠቀምበት ኮምፒውተር) የሚገባ ሰው ደግሞ ጥቁርና ነጭ፣ ጥራት የሌለው ምስል ሆኖ ይታያል። የሚያየው ሁሉ የኪሱን ሁኔታ ያውቃል ማለት ነው።

«ከተማ፣ ዝናብና ጨለማ የግድ ነው»

የግድ አይደለም። በ1999 ሁለት ፊልሞች ወጡ። «ዘ ማትሪክስ» ተመልካቹን እስከ መጨረሻ ያምታታል የሚሉ አሉ፤ ቀለሙን ያስተዋለ ግን አይጠፋበትም። ምናባዊው አረንጓዴ፣ እውነተኛው ሰማያዊ ያደላል። ሰዎች ውስጡ ገብተው ስለሚጫወቱት ምናባዊ ጨዋታ የሚያወራው የዴቪድ ክሮነንበርግ «ኤግዚስተንዝ» ደግሞ ገጠር ነው የሚውለው። ነዳጅ ማደያ፣ የዓሣ እርባታ፣ ጫካ። የጨዋታው መሣሪያ እንኳ ሥጋ ነው። ከሁለቱ የሚበልጠው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ፤ የትኛው ትዕይንት ከጨዋታው ውጪ እንደሆነ የሚጠቁምህ ቀለም የለውም። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አንዱ ሰውዬ ራሱ አሁንም ጨዋታው ውስጥ ነን ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም።