ድሪፍት ምንድን ነው? የአናሎግ ሲንተሳይዘር ቅኝት በደጋና በቆላ

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ውርጭ የተቃኘ አናሎግ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ ዑደት የሚፈጥር የቁልፍ ሰሌዳ መሣሪያ) የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከክራሩ ጋር አልስማማ ይላል። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ያወርዳል። አየሩ ሲሞቅ መሣሪያው ውስጥ ያለው ትራንዚስተርም ይሞቃል፤ ቅኝቱም ቀስ እያለ ይሸሻል። ይህ ቀስ በቀስ የሚመጣ መንሸራተት ነው ድሪፍት የሚባለው።

ድምፁን የሚያመነጨው ኦሲሌተር የሚታዘዘው በቮልት ነው። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች የቁልፍ ሰሌዳው ለእያንዳንዱ ኦክታቭ (ያው ኖታ ከፍ ብሎ የሚደገምበት ርቀት) 1 ቮልት ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ፍጥነት እጥፍ መሆን አለበት፤ 110 ኸርዝ የነበረው 220፣ ከዚያ 440። እጥፍ የማድረጉን ሥራ የሚሠራው ትራንዚስተር ነው። ለእሱ የሚደርሰው ቮልት ግን ተቀንሶ ነው፤ በክፍል ሙቀት 18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨመርለት የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ 18 ሚሊቮልት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በ0.33 በመቶ ያህል ያድጋል። ማካካሻ የሌለው ኦሲሌተር 10 ዲግሪ ቢሞቅ እያንዳንዱ ኦክታቭ 40 ሴንት ገደማ ያጥራል። 100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ስለሆነ፣ በሦስት ኦክታቭ ርቀት ላይ ስሕተቱ ከግማሽ ድምፅ ያልፋል።

ሠሪዎቹ መላውን ያውቁታል። የሙቀቱን ለውጥ በዚያው ልክ የሚከተል ልዩ ሬዚስተር ከትራንዚስተሩ ጋር አጣብቀው ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱ እኩል እንዲሞቁና እኩል እንዲቀዘቅዙ። ጥገና ላይ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ክፍል ነው። ልዩውን ሬዚስተር አንሥቶ ተመሳሳይ ኦም ያለው ተራ ሬዚስተር የተካ ሰው መሣሪያውን በዕለቱ ደህና አድርጎ ይቃኘዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ቅኝቱ የለም። ሬዚስተሩ ከትራንዚስተሩ ተላቅቆ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው።

ትሪመር (በመፍቻ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ) ከመንካት በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሁሉም ኖታ እኩል ወርዷል ወይስ በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ተለውጧል? ዝቅተኛውን ላ (110 ኸርዝ) እና ሁለት ኦክታቭ ከፍ ያለውን ላ (440) በቱነር ለኩ። ሁለቱም ለምሳሌ 15 ሴንት ከወረዱ ፊት ለፊት ያለው የቅኝት ማዞሪያ ይበቃል። ዝቅተኛው ልክ ሆኖ ላይኛው ከወረደ ግን የስኬል ትሪመር፣ ማለትም የኦክታቭን ርቀት የሚወስነው ማስተካከያ፣ ነገር ነው። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ዜማ ብቻ የሚጫወት ሰው ይህን ሁለተኛውን ስሕተት ላያስተውለው ይችላል፤ ባስና ዜማ ለየብቻ ሲቀዳ ነው የሚጋለጠው። ቅኝቱ ቀስ ሳይል ድንገት ዘለል የሚል ከሆነ ደግሞ ድሪፍት አይደለም። ያኔ የቆሸሸ ማዞሪያ፣ የላላ ሶኬት ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ፈልጉ።

ስኬል ለማስተካከል መሣሪያው ክዳኑ ተዘግቶ ቢያንስ 30 ደቂቃ በርቶ ይቆይ። ያልሞቀን መሣሪያ መቃኘት ልፋትን ሁለት ጊዜ መድገም ነው፤ በተለይ በደብረ ብርሃን ጠዋት። ከዚያ አንዱን ኦሲሌተር ብቻ በሚክሰሩ ላይ ተዉ፣ ፊልተሩን (ድምፁን የሚያጣራውን ክፍል) ሙሉ ክፈቱ፣ የእሱን ሬዞናንስ ዜሮ አድርጉ፣ ኤልኤፍኦ (ድምፁን በዝግታ የሚያወዛውዘውን) እና ግላይድን (ከኖታ ወደ ኖታ የሚያንሸራትተውን) አጥፉ። ዝቅተኛውን ላ በፊት ለፊቱ ማዞሪያ 110 ላይ አድርሱ። ላይኛውን ላ ተጫኑ፤ 436 ካነበበ የስኬል ትሪመሩን በጣም በትንሹ አዙሩ። ይህ ዝቅተኛውንም ስለሚያንቀሳቅሰው ተመልሳችሁ 110 ላይ አስተካክሉት፣ እንደገና ወደ ላይ ሂዱ። አራትና አምስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። የፕላስቲክ መፍቻ ይሻላል። ትሪመሩ ያለው ከክዳኑ ሥር ከሆነ፣ 220 ቮልት የሚገባበትን የፓወር ክፍል አትንኩ፤ ክዳኑንም ለረጅም ጊዜ ከፍታችሁ አትተዉ፣ የገባው ብርድ ራሱ ቅኝቱን ይለውጠዋል። መካከሉ ሁሉ ልክ ሆኖ የመጨረሻው ኦክታቭ ብቻ ከወረደ፣ ኦሲሌተሩ ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው ለመመለስ የሚወስድበት ቅጽበት በላይኛው ድምፅ ላይ እየጎላ ነው። ለእሱ የተለየ የላይኛ ድምፅ ትሪመር ያላቸው መሣሪያዎች አሉ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የማሞቂያው ሰዓት እንደገና ይጀምራል። ሠርግ ላይ የሚጫወት ሰው መሣሪያውን ከፕሮግራሙ በፊት አብርቶ እስከ መጨረሻው ባያጠፋው ይመረጣል። ከመንዝ ወይም ከጣርማበር ብርድ ወደ ቆላ የወረደ መሣሪያ ደግሞ ላዩ ላይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ ከነሣጥኑ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይከፈት፣ ከዚያ ይብራ። አብሮ የሚጫወተውም መታሰብ አለበት። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በትንሹ አንቀሳቅሶ ይከተላል፤ ክራር ግን እንደተቃኘ ይቆያል። ዋሽንት ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሲንተሳይዘሩን ለዋሽንቱ ማስተካከል ይቀላል፣ ተቃራኒው አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚያስቸግረው ሰው ዲሲኦ (በዲጂታል የሚመራ ኦሲሌተር) ያለውን መሣሪያ ይመልከት። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ጁኖ 6 የሞገዱን ፍጥነት በዲጂታል ሰዓት ስለሚቆጣጠር አይንሸራተትም፤ ፊልተሩ ግን አናሎግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 ደግሞ ኦሲሌተሮቹ ቪሲኦ (በቮልት የሚታዘዙ) ቢሆኑም አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱን ይቃኛል።

ሆኖም ትንሽ መለያየት ድምፅ ያወፍራል፤ አናሎግ የሚወደደውም በአብዛኛው በዚህ ነው። አንዱ ኦሲሌተር 440፣ ሌላው 441 ከሆነ በሰከንድ አንዴ ከፍ ዝቅ የሚል ንዝረት ይሰማል። አኮርዲዮን ውስጥ ለአንድ ኖታ ሁለት ምላሶች በጥቂት ሴንት ተለያይተው ሲቃኙ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ያው ነው። ደብረ ብርሃን የተወለዱት ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከሞግ ሲንተሳይዘር ጋር ሲያጣምሩ ሁለቱ ድምፆች እንዲያ የተዋደዱት አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ለዜማ ሁለት የመጋዝ ሞገዶችን (የመጋዝ ጥርስ ቅርፅ ያላቸውን) ከ5 እስከ 8 ሴንት አለያዩ። ለባስ ግን ይህንኑ አታድርጉ። 5 ሴንት በ440 ላይ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ይነዝራል፤ በ110 ላይ ግን አንዱ ንዝረት ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በመካከሉ ሁለቱ ሞገዶች ሲጠፋፉ ባሱ ይከዳል። በዝግታ በሚሄድ ትዝታ ላይ ይህ ክፍተት በደንብ ይሰማል። ባሱን በአንድ ኦሲሌተር ተጫወቱ፤ ውፍረት ካነሰው ሁለተኛውን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጋችሁ በትንሽ ድምፅ ጨምሩበት።