የበረዶ ግድብ፦ በሐይቅ ዳር ያሉ ቤቶች የክረምት ጣጣ

ከባድ በረዶ ከጣለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮርኒሱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ውጭ ዝናብ የለም። ብርዱም ከዜሮ በታች ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ መልሱ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ተጋግሮ ድንጋይ የሆነው በረዶ ነው። የበረዶ ግድብ ይባላል። ስሙ ሥራውን ይገልጸዋል፤ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ መንገድ ዘግቶ እዚያው ያቁረዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ውስጥ ነው። የማሞቂያው ሙቀት ኮርኒሱን አልፎ ከጣሪያው ስር ወዳለው ባዶ ቦታ ይወጣል። የጣሪያው ገጽ ከ0 ዲግሪ ሲያልፍ የተቆለለው በረዶ ከስሩ መቅለጥ ይጀምራል። በረዶው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ጣሪያው ላይ ያፍነዋልና። የቀለጠው ውሃ በበረዶው ስር ቁልቁል ይወርዳል። የጣሪያው ጠርዝ ግን ከግድግዳው አልፎ የወጣ ስለሆነ ከስሩ የሚያሞቀው ነገር የለም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይረጋል። በላዩ ሌላ ይረጋል። ግድቡ ቁመት ሲያበጅ ከኋላው ኩሬ ይፈጠራል።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳር የተለመደው የጣሪያ ልባስ ሺንግል የሚባለው ስስ ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይመታል። የሚወርድ ውሃን በደንብ ያሳልፋል፤ የቆመ ውሃን ለመቻል ግን አልተሠራም። ኩሬው ከስሩ ሽቅብ ሰርጎ እንጨቱን፣ የሙቀት መከላከያውንና ግድግዳውን ያርሳል። የረጠበ መከላከያ ሙቀት መያዝ ስለሚያቅተው ሌላ ሙቀት ይለቃል፤ ሻጋታም ይከተላል።

የበረዶ ግድብ በረዶ በሚጥልበት አገር ሁሉ አለ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳር ግን የየዓመቱ ሥጋት ነው። ቀዝቃዛ አየር ገና ሙቀቱ ባልወጣለት ሐይቅ ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከማል። ማዶ ሲደርስ በበረዶ መልክ ያራግፈዋል። ለዚህ የሐይቁ ገጽ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር ቢያንስ በ13 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። በረዶው የሚወርደው በጠባብ መስመር ነው። በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. በኤሪ ሐይቅ ዳር ካለችው የአሜሪካ ከተማ ከቡፋሎ በስተደቡብ ያሉ አንዳንድ ሰፈሮች ከ1.5 ሜትር በላይ በረዶ ሲከመርባቸው የከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ አየ። ኤሪ ሐይቅ ጥልቀት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሳያልቅ ይረጋና በረዶው ይቀንሳል። ጥልቁ ኦንታሪዮ ግን እምብዛም ስለማይረጋ ከምሥራቁ ያለው የተግ ሂል አምባ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ይዘንብበታል።

ቤት የሙቀት ችግር እንዳለበት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በረዶ በጣለ ማግስት ጠዋት ከመንገድ ማዶ ቆሞ ጣሪያዎችን ማየት ይበቃል። በረዶው እኩል ተነጥፎ የቆየበት ቤት ደህና ነው። ቶሎ የተራቆተው፣ ወይም በረዶው እዚህም እዚያም የሟሟበት፣ ሙቀት እያፈሰሰ ነው። ከጠርዙ የሚንጠለጠሉት ረጃጅም የበረዶ ዘንጎች ያምራሉ። ግን ማስጠንቀቂያ ናቸው።

ብዙ ሰው አሸንዳውን ይወቅሳል። እኔ ግን ወቀሳው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። የተደፈነ አሸንዳ ያባብሳል እንጂ ግድቡን የሚፈጥረው እሱ አይደለም፤ አሸንዳ የሌላቸው ቤቶችም ይገደባሉ። ገንዘብና ጉልበት መዋል ያለበት ኮርኒሱ ላይ ነው። መጀመሪያ አየር የሚያፈሱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፦ የመብራትና የቧንቧ መውጫዎች፣ የጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ ወደ ላይ መውጫው በር። በጭስ ማውጫ ዙሪያ ተራ የአረፋ ማሸጊያ (ፎም) አይነፋም፤ ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ ነው የሚያስፈልገው። የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫም ጣሪያው ስር ሳይሆን ውጭ መድረስ አለበት። ሙቀት መከላከያ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን መከላከያ መቆለል ብዙ ቤት የሚሠራ ስህተት ነው፤ ሞቃት አየር በመሃሉ ሾልኮ ይወጣል። ቤቱ ከታሸገ በኋላ በጋዝ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ጭሳቸውን በትክክል እያስወጡ መሆኑን በባለሙያ ማስፈተሽ ግዴታ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነገር፣ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ አየር ማናፈሻ ይመጣል። ከጠርዙ ስር ገብቶ በጣሪያው አናት የሚወጣ ቀዝቃዛ አየር ጣሪያውን ያበርደዋል። የአሜሪካ ጦር የቀዝቃዛ አካባቢዎች ምርምር ላቦራቶሪ ኦንታሪዮ ሐይቅ አጠገብ ባለው የፎርት ድረም ጦር ሰፈር ሕንፃዎችን አጥንቶ መለኪያ አውጥቷል። ውጭ ከዜሮ በታች 5.5 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ ከጣሪያው ስር ያለው አየር ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ ቀዝቀዝ ካለ ግድቡ አያስቸግርም።

አዲስ ጣሪያ ሲመታ ከሺንግሉ ስር የሚለጠፍ ውሃ የማያስገባ ንጣፍ አለ። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሕንፃ ደንብ በረዶ በሚገደብበት አካባቢ ንጣፉ ከጠርዙ ተነስቶ ከውጭው ግድግዳ መስመር ቢያንስ 61 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ያዝዛል። ንጣፉ ግድቡን አይከላከልም። ውሃው ቤት እንዳይገባ ነው የሚያግደው።

ግድቡ አንዴ ከተሠራስ? መጥረቢያና መዶሻ ከበረዶው ጋር ሺንግሉንም ይሰብራሉ። በረዶ የያዘ ጣሪያ ላይ መውጣት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። መሬት ላይ ቆሞ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ የጠርዙን በረዶ መሳብ ይሻላል። ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ አይሞከርም፤ በረዶው በሚናድበት መስመርም አይቆምም። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል በረዶ የሚያቀልጥ ጨው የተሞላ የናይለን ካልሲ ግድቡ ላይ በቁመቱ ቢጋደም ውሃው መውረጃ ያገኛል። የምግብ ጨው ዓይነቱ ግን ብረት ይበላል፣ ተክልም ያደርቃል። ውሃ ቤት መግባት ከጀመረ በእንፋሎት የሚያሟሙ ባለሙያዎችን መጥራት ነው። ኮርኒሱ ውሃ ይዞ ካበጠ ደግሞ የዚያ ክፍል መብራት ይጠፋል፤ ከስሩ ባልዲ ተደርጎ በትንሹ ይበሳል፤ አለዚያ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ኮርኒሱ ጣሪያውን ተከትሎ የተሠራ ቤት አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ስለሌለው መፍትሔው ይጠባል። እዚህ ላይ ነው በጠርዙ ዚግዛግ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ትርጉም የሚኖረው። ገመዱ በረዶውን ሁሉ አያቀልጥም፤ ለውሃው መተላለፊያ ብቻ ይከፍታል። ስለዚህ የሚበራው ግድቡ ከተጋገረ በኋላ ሳይሆን በረዶው መጣል ሲጀምር ነው።