አብረው የተጠሩ፣ አብረው የቆዩ

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

አቂላና ጵርስቅላ በመጽሐፍ ቅዱስ ስማቸው በተነሣበት ስፍራ ሁሉ አብረው ተጠርተዋል። አንዱ ያለ ሌላው የተጠቀሰበት ቦታ የለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ስናገኛቸው ስደተኞች ናቸው፤ ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ሲያስወጣ ወደ ቆሮንቶስ መጥተው ድንኳን እየሰፉ ይተዳደራሉ። ጳውሎስን እቤታቸው አሳደሩት፤ ሙያቸው አንድ ነበርና አብረው ሠሩ። በኋላም ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ። እዚያ አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው በምኵራብ ሲናገር ሰሙት። እሳት የሞላበት ሰባኪ ነው፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። በጉባኤ ፊት ሊያርሙት አልተነሡም፤ ይዘውት ሄደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው አስረዱት። ሁለቱም ናቸው ያስተማሩት። በእጃቸው የነበረውን ለሚቀጥለው ሰው አቀበሉ፤ አጵሎስም ወደ አካይያ ሄዶ ያመኑትን እጅግ ጠቀመ።

ስለ ትዳር ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ መስማማት፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ነው። ሁሉም ያስፈልጋል። ጌታ ሁለት ሰዎችን ሲያጣምር ግን ከቤታቸው ደጃፍ ውጭም የሚሰጣቸው ሥራ እንዳለ እምብዛም አናነሣም። ዛሬ ልናገርበት የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ በተለይም ለተማርንበት ቦታና ላሳደገን ማኅበረሰብ ባልና ሚስት ሆነን ስለምንሰጠው ዕድሜ።

ምሳሌ እንዲሆነን የማነሣቸው ሁለት ሐኪሞች ናቸው፤ አዲስ አበባ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ የሆስፒታላቸውን በር ታውቁታላችሁ። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የኒውዚላንድ ሰው፣ ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ደግሞ የአውስትራሊያ ሰው ነበሩ። የተዋወቁት ሲድኒ ውስጥ በአንድ የእናቶች ሆስፒታል ሲሠሩ ነው፤ በ1950 ተጋቡ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ ሁለቱም ክርስቲያኖች። በ1958 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አዩ፤ በአዲስ አበባው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል የሚል። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ነርስነት ተምረው የመጡ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ፤ በ1942 ገና በወጣትነታቸው በወሊድ ምክንያት አረፉ። በስማቸው በተሠራው ሆስፒታል አዋላጅ ለማስተማር መጠራት ቀላል ነገር ሆኖ አይታየኝም።

በ1959 ትንሹን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። የመጡበት ትምህርት ቤት ግን ጥቂት አዋላጆች ካስተማረ በኋላ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ሻንጣቸውን ቢሸክፉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ያስቀራቸው ከመጡ በኋላ ያዩት ነገር ነው። ምጥ ለቀናት የጸናባቸው፣ የሚያዋልዳቸው ባለሙያ ያላገኙ ሴቶች ከየገጠሩ ይመጡ ነበር። የሕፃኑ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ሥጋውን ሲጫነው ደም ይቋረጣል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። ልጅዋን ቀብራ የመጣች ወጣት በጠረኗ ምክንያት ከባሏም ከጎረቤቷም ትለያለች። ባልና ሚስቱ እንዲህ ያለ ጉዳት በአገራቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ የቀዶ ሕክምናውን መንገድ የተማሩት የቀደሙ ሐኪሞች የጻፉትንና የሣሉትን እያጠኑ ነው። በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ሕክምናው በነፃ ነው። አብዮቱ መጣ፣ ብዙ የውጭ ሰው ወጣ፤ እነሱ ቆዩ።

ጳውሎስ በሮሜ 16 ስለ አቂላና ጵርስቅላ ሲጽፍ ስለ እርሱ ሕይወት ብለው የራሳቸውን አንገት እንደ ሰጡ ይመሰክራል፤ የአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናትም ሁሉ ያመሰግኗቸዋል ይላል። እኔ ግን አንገት መስጠት በአንድ ቀን ብቻ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ አምናለሁ። ሃምሳና ስድሳ ዓመት በየጠዋቱ ወደዚያው ክፍል መግባት፣ ያችኑ ቁስል ማጠብ እርሱም አንገት መስጠት ነው። መጽሐፍ በጎ ሥራን ስንሠራ አንታክት ሲለን የሚያስበው እንዲህ ያለውን ረጅም መንገድ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ልምጣ። ማሚቱ ጋሼ ከገጠር በዚሁ ጉዳት ምክንያት የመጡ ወጣት ሴት ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ታክመው ሲያበቁ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ሕሙማንን ማጽናናት ጀመሩ። ዶክተር ሬጂናልድ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧቸው፤ መጀመሪያ መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎም መስፋት አስተማሯቸው። በኋላ ራሳቸው ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩ ሆኑ፤ ዲግሪ ያላቸው ሐኪሞችም ከእጃቸው ተማሩ። በ1989 ለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከሃምሊኖቹ ጋር ማሚቱም ተሸለሙ። የሃምሊኖቹ አገልግሎት ለእሳቸው የዳኑበት ነው፤ ትምህርት ቤታቸውም ነው፤ ዕድሜያቸውን የሰጡትም ለዚያው ነው። አንድ ባልና ሚስት ለአንድ ቦታ ሲታመኑ የሚያፈሩት ፍሬ እንዲህ ያለ ነው፤ የተረዳው ሰው ረጂ ይሆናል፣ ተማሪውም በተማረበት ያስተምራል።

እኛስ ያስተማረንን ቦታ እንዴት ነው የምናስታውሰው? ብዙዎቻችን ከተመረቅን በኋላ ትምህርት ቤታችንን የምናየው በፎቶግራፍ ነው። በምሥረታ በዓል ቀን ተሰብስበን ገንዘብ እናዋጣለን፤ መልካም ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ያ ቤት የሚፈልገው አንዳንዴ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሒሳብ የሚያስረዳ ባል፣ ሴት ተማሪዎችን ሰብስባ የምታዳምጥ ሚስት ነው። ሁለታችሁ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በአንድ የግቢ ኅብረት ውስጥ አድጋችሁ የተጋባችሁ ከሆነ፣ ጌታ እዚያ ያገናኛችሁ ለእናንተ ደስታ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት ግዴታ አይደለም። የታመመ ወላጅ የምታስታምሙ፣ ጨቅላ ሕፃን የያዛችሁ ይህን ስታነብቡ በልባችሁ አትከሰሱ፤ እርሱም የጌታ ሥራ ነው።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 አረፉ፤ የተቀበሩትም አዲስ አበባ ነው። ባለቤታቸው በሥራው ቀጠሉ። በባህር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የፊስቱላ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በ2007፣ በ83 ዓመታቸው የሆነው ነው፤ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ማስታወቂያውን አይተው የመጡለት፣ የተዘጋባቸው ሥራ ማለት ነው። ከገጠር የሚመረጡ ልጃገረዶች አራት ዓመት ተምረው በዲግሪ ይመረቃሉ፤ ተመልሰውም የሚያገለግሉት በመጡበት አካባቢ ነው። ለእነዚህ ተመራቂዎች ያስተማራቸው ኮሌጅና የወለዳቸው መንደር በአንድ ሥራ ተገናኙ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ኢትዮጵያን አልተዉም፤ በሆስፒታሎቹም ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል።

ባለትዳሮች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ያስተማራችሁን ትምህርት ቤት፣ ያሳደጋችሁን ቤተ ክርስቲያን፣ የቆማችሁበትን ቀበሌ በስም እየጠራችሁ ጸልዩ። ከዚያ እዚያ ላለ አንድ ሰው፣ ለርእሰ መምህሩ ወይም ለአገልጋዩ፣ ደውላችሁ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። እናንተ አስቀድማችሁ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል። ሃምሊኖቹም የመጡት ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነበር፤ በሩ ላይ የጠበቋቸው ግን እነዚያ ሴቶች ነበሩ።