የዓይን ነጭ ሲቀላ፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር

«ዓይኑ ከቀላ ይጋባል።»

ሁልጊዜ አይደለም። የሚጋባው በቫይረስ ወይም በባክቴሪያ የሚመጣው የላይኛው ስስ ሽፋን ብግነት ነው። እሱ አይናር ያበዛል፤ ጠዋት ዓይን ተጣብቆ ያድራል። ከሥሩ ያለው ጠንካራው ነጭ ክፍል ሲቆጣ ግን ስክሌራይቲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ነው። ያስነባል እንጂ አይናር የለውም፤ በፎጣም በእጅም አይተላለፍም።

«በጣም ከቀላ በጣም ከባድ ነው።»

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ኤፒስክሌራይቲስ የሚባለው ቀለል ያለ ብግነት ዓይንን በአንድ ጎን ድንገት ደም ያስመስለዋል። ትንሽ ይቆረቁራል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

የስክሌራይቲስ ሕመም ሌላ ነው። ከውስጥ ይሰረስራል። ወደ ቅንድብና ወደ መንጋጋ ይሄዳል። ሌሊት ከእንቅልፍ ያባንናል። ዓይንን ማዞር ያማል፤ በተከደነ ዓይን ላይ ጣት ማሳረፍ እንኳ ይከብዳል። ታማሚውን መስኮት አጠገብ አቁማችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ ቅላቱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። በአምፖል ይህ ቀለም ሊያመልጥ ይችላል። ሐኪሙም ሁለቱን ለመለየት የደም ሥር የሚያጠብ ጠብታ ያደርጋል። የላይኛው ቅላት ይደበዝዛል፣ የጥልቁ ግን እዚያው ይቀራል።

ብግነቱ ከዓይን ጀርባ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ጭራሽ ላይቀላ ይችላል። ሕመምና የእይታ መቀነስ ካለ ነጭ መሆኑ አያታልላችሁ።

«ጠብታ ገዝቼ ባደርግበት ይለቀኛል።»

እባካችሁ ይሄን ተዉት። ስቴሮይድ የሚባለው ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራ ያመጣል፣ ሄርፐስ በሚባል ቫይረስ የመጣ የዓይን ቁስል ካለም ያባብሳል። ለስክሌራይቲስ ጠብታ ብቻውን ብዙም አይበቃም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋ።

«የዓይን ጉዳይ ብቻ ነው።»

ከስክሌራይቲስ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ሌላ በሽታም አለባቸው፤ በብዛት የሚታየው ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ቲቢ፣ ቂጥኝና አልማዝ ባለጭራም ሊያመጡት ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ጣቶቻችሁ ቢጠይቅ አይግረማችሁ። ጠዋት ጠዋት እጃችሁ የሚገትር ከሆነ፣ ሳትጠየቁም ንገሩት።