ከመገልገል የሚመጣ እርጅና ምንድን ነው? ተከራይ ቤት ሲያስረክብ የሚጠየቅበትና የማይጠየቅበት

ከመገልገል የሚመጣ እርጅና የሚባለው የተከራየ ቤት ለተከራየበት ዓላማ በአግባቡ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ማንም ሳያጠፋ፣ በጊዜ ብዛትና በዕለት ተዕለት ኑሮ ምክንያት የሚደርስበት መደብዘዝ፣ መሳሳትና መላላት ነው። ውል ሲያበቃ በመያዣ ገንዘብ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚሁ ሐሳብ ዙሪያ ነው፤ የብዙ አገሮች ሕግ ተከራዩን ለጉዳት ተጠያቂ ሲያደርገው ለእርጅና ግን አይጠይቀውምና። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 538 ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደንግጎታል። ጃፓን ደግሞ ፍርድ ቤቶቿ ቀድሞም ይከተሉት የነበረውን ይህን መርህ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሥራ ላይ በዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማሻሻያዋ በግልጽ አስፍራዋለች። ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም፦ በየወሩ የሚከፈለው ኪራይ ቤቱ ሰው ስለኖረበት ለሚያጣው ዋጋም ጭምር የሚከፈል ስለሆነ፣ ለዚያው ማርጀት በመጨረሻ ዳግም ማስከፈል አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ መቀበል ይሆናል።

እርጅናን ከጉዳት የሚለየው የምልክቱ ትልቅነት ወይም ትንሽነት ሳይሆን መንስኤው ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው መመሪያ ይህን እስከ ዝርዝሩ ድረስ ወርዶ አሳይቷል። በመመሪያው መሠረት ፀሐይ ያደበዘዘው የግድግዳ ወረቀት፣ ቁም ሣጥን ቆሞበት የሰረጎደ ወለል፣ በፍሪጅ ወይም በቴሌቪዥን ጀርባ ግድግዳው ላይ የሚቀር ጥቁረት ሁሉ የአከራዩ ወጪ ናቸው፤ ሰው ያለ ፍሪጅና ያለ ቁም ሣጥን ይኖራል ተብሎ አይጠበቅምና። ወረቀት ለመስቀል የተሰካ ቀጭን መርፌ የተወው ቀዳዳም እንደዚያው ነው። በምስማር ወይም በብሎን የተበሳ፣ ከወረቀቱ ሥር ያለውን ሰሌዳ እስከማስለወጥ የሚደርስ ቀዳዳ ግን በተከራዩ ላይ ይወድቃል፤ በሲጋራ ጢስ የጠቆረ ወይም የሸተተ ግድግዳም እንዲሁ። ጉዳቱን ያደረሰው ቤተሰቡ ወይም እንግዳው ቢሆን እንኳ ተከራዩ በአብዛኛው ከኃላፊነት አያመልጥም።

ይበልጥ የሚያከራክረው ተከራዩ በእጁ ያላደረሰው፣ ነገር ግን እያየ ዝም ብሎ ያሳለፈው ጉዳት ነው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ላልቶ ማንጠባጠብ ጀመረ እንበል። መጋጠሚያው የላላው በእርጅና ከሆነ ጥገናው የአከራዩ ነው። ተከራዩ ግን ሥሩ ሳህን አስቀምጦ ሳህኑ በሞላ ቁጥር እየደፋ ወራት ካሳለፈና በዚህ መካከል የሣጥኑ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ካበጠ፣ የእንጨቱን ጉዳት በእርጅና ማሳበብ አይችልም፤ በጊዜው ቢያሳውቅ ኖሮ ባልደረሰ ነበርና። ሻጋታም የሚመዘነው በዚሁ መንገድ ነው። ግንቡ ከውጭ ውሃ እያስገባ ወይም ክፍሉ አየር የሚያስወጣበት አጥቶ የመጣ ሻጋታ የሕንፃው ጉድለት ነው፤ ሊወለወል ይችል የነበረው የመስኮት ላብ ችላ ተብሎ ግድግዳውን ከበላው ግን ጥያቄው ወደ ተከራዩ ይዞራል። ስለዚህ ብልሽትን በጽሑፍ፣ ቀኑ በሚታይ መልእክት ማሳወቅ ተከራዩ በእጁ ሊይዛቸው ከሚችላቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል፤ የስልክ ወሬ ከዓመት በኋላ ምስክር አይሆንም።

ጉዳት መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ስንት ይከፈል የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ብዙ የወጪ ዝርዝሮች የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው። አከራይ የሚገባው ያጣው ነገር ዋጋ ነው እንጂ አሮጌ ሰጥቶ አዲስ መቀበል አይደለም። 8 ዓመት ያገለግላል ተብሎ የሚታሰብ የወለል ምንጣፍ ተከራዩ ሲገባ 2 ዓመት አገልግሎ ነበር፤ ተከራዩ 4 ዓመት ኖሮ ሊወጣ ሲል በካውያ አቃጠለው። ምንጣፉ ከ8 ዓመት ዕድሜው 6ቱን ስለጨረሰ፣ ተከራዩ የሚጠየቀው ቢበዛ የዋጋውን ሩብ ነው። ይህ በሒሳብ ሥራ የእርጅና ቅናሽ ከሚባለው የተለየ አይደለም። በጃፓኑ መመሪያ የግድግዳ ወረቀት ዕድሜ 6 ዓመት ሆኖ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪ ዋጋው 1 የን ብቻ ነው። ከቅናሹ በፊትም ጉዳቱ በጥገና ይስተካከል እንደሆነ ይታያል፤ አንድ ግድግዳ ስለተቧጨረ የቤቱን ግድግዳ በሙሉ በተከራይ ወጪ ማስቀባት ተቀባይነት የለውም። በአንጻሩ «ድሮም አሮጌ ነበር» የሚለው መከራከሪያም የሚሠራው በመጠኑ ነው። ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችል የነበረን ጠንካራ በር የሰበረ ሰው፣ በሩ አዲስ ስላልነበረ ብቻ በነፃ አይሰናበትም።

ጽዳት ግን የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው። ቀለም ሲያረጅ ዋጋው ይቀንሳል፤ የምድጃ ቅባት ግን ስለቆየ የሚቀነስለት ነገር የለም፣ እንዲያውም ይብስበታል። ስለዚህ 10 ዓመት የኖረ ተከራይ ለደበዘዘው ቀለም ምንም ላይከፍል ይችላል፤ ለቅባቱ ግን ትናንት ከገባው ተከራይ እኩል ይጠየቃል። ሁለቱ ሲምታቱ የሚበጀው ቦታውን በደንብ ማጽዳትና ከጽዳት በኋላ ምን እንደቀረ ማየት ነው። ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ቆሻሻ ነበረ፤ ታሽቶም የማይመለስ የሴራሚክ መደብዘዝ ወይም በመገጣጠሚያው ያለ የሲሚንቶ መጠቆር እርጅና ሊሆን ይችላል፣ ለዓመታት ሳይጸዳ በመቅረቱ የመጣ ካልሆነ በቀር።

ምን ያህል መጽዳት አለበት ለሚለው ሕጎች የሚሰጡት መልስ ይለያያል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2003 በኋላ ለተጀመሩ ኪራዮች አከራዩ ለጽዳት ከመያዣው ሊቀንስ የሚችለው ቤቱን ተከራዩ ሲገባ ወደነበረበት የንጽሕና ደረጃ ለመመለስ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በጀርመን ውሉ ቤቱ ተጠርጎ እንዲመለስ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደወሰነው፣ ተከራዩ ጎልቶ የሚታየውን ቆሻሻ፣ የሸረሪት ድርን ጨምሮ፣ ማስወገድ ይበቃዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ተከራይ ሲለቅ ለጽዳት ድርጅት እንዲከፍል በውል ማስገደድን ከልክሏል፤ ቤቱን እንደተረከበው ንጹሕ አድርጎ የመመለስ ግዴታው ግን እንዳለ ነው። ራሱ ታጥቆ ቢያጸዳም ሌላ ሰው ቢያሠራም የሚታየው ውጤቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተከራዩ ሲገባ ቤቱ የነበረበት ሁኔታ በሚታወቅበት ልክ ነው። እ.ኤ.አ. የ1804ቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሲገባ የርክክብ ሰነድ ከተዘጋጀ ተከራዩ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከጠፋው በቀር እንደተረከበው እንዲመልስ ያዛል። ሰነድ ካልተዘጋጀ ግን፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንደተረከበ ይገመታል። በእንግሊዝ የመያዣ ክርክር ደግሞ ገንዘቡ የተከራዩ መሆኑ ታምኖ ለመቀነስ ምክንያት አለኝ የሚለው አከራይ ማስረዳት አለበት። እንግዲህ ሰነዱ ሲጠፋ የሚጎዳው በአንዱ ቦታ ተከራዩ፣ በሌላው አከራዩ ነው። ሰነዱ ሲዘጋጅም «ግድግዳው ደህና ነው» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ «በመኝታ ክፍሉ ከበሩ በስተግራ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀለም ተልጧል» የሚል ጽሑፍ ነው ክርክር የሚያስቆመው። ፎቶም ቢሆን ከክፍሉ መሐል ተቁሞ የተነሣው ብዙ አይናገርም፤ የምድጃው ውስጥ፣ የመሳቢያዎቹ ሆድ፣ የመታጠቢያው ጥጋጥግ ቀርበው መነሣት አለባቸው።

ተከራዩ በራሱ ፍላጎት የለወጠው ነገር ከእርጅናም ከቆሻሻም አይመደብም። የጀርመን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባየው ጉዳይ ነጭ ግድግዳ ተረክበው በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ የቀቡ ተከራዮች እንዳለ ትተው በመውጣታቸው ካሳ እንደሚጠየቁ ወስኗል። በኖሩበት ዘመን የወደዱትን ቀለም መቀባታቸው ጥፋት አልነበረም፤ ቀጣዩ ተከራይ በማይቀበለው ቀለም ማስረከባቸው ግን ጥፋት ሆነ።

ጊዜም የራሱ ገደብ አለው። ጀርመን ውስጥ አከራይ በቤቱ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚያቀርበው ጥያቄ ቤቱን ከተረከበ ከ6 ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ፈረንሳይ ውስጥ የመውጫው ርክክብ ከመግቢያው ጋር ከተመሳሰለ መያዣው በ1 ወር፣ ልዩነት ከተገኘ በ2 ወር ውስጥ ይመለሳል። በካሊፎርኒያ አከራዩ የቀነሰውን በዝርዝር ጽፎ ቀሪውን የሚመልሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። እዚያ ተከራዩ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቤቱ ቀድሞ እንዲታይለት መጠየቅም ይችላል፤ አከራዩ የሚያስቀንስ ነው ብሎ በዝርዝር የጻፈውንም፣ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት በራሱ ጉልበት ወይም በመረጠው ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል።